ብረት ሲግል ማግኔት ለምን ይተወዋል?

ማግኔት ብረት እንደሚስብ እናውቃለን። ከተበላሸ ሬዲዮ የወጣች ማግኔት ገለባ ውስጥ የጠፋ መርፌ ታወጣለች። ያው ብረት ግን ወናፍ ፊት ፍም ሲመስል ማግኔቷ ትተወዋለች። ብረቱ ብረትነቱን አልለቀቀም። ታዲያ ምን አገኘው?

በብረት ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ማግኔቶች አሉ። በተራ ምስማር ውስጥ እነዚህ በየቡድናቸው ሆነው አንዱ ቡድን ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ያያል። ከተጠመዱት በሬዎች አንዱ ወደ ዳገት፣ ሌላው ወደ ቁልቁለት ቢጎትት ሞፈሩ ይሄዳል? የምስማሩም ኃይል እንዲሁ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ማግኔት ሲቀርበው ግን ቡድኖቹ ወደ አንድ ወገን ይሰለፋሉ። ያን ጊዜ ምስማሩ ራሱ ማግኔት ሆኖ ሌላ ምስማር ያንጠለጥላል። ማግኔቷን ስናርቃት ሰልፉ ይፈርሳል። መርፌ ግን ጠንካራ ብረት ስለሆነ ቶሎ አይረሳም። በማግኔቷ አንድ ጫፍ ሠላሳ ጊዜ ያህል ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ብንፈትገው ማግኔት ሆኖ ይቆያል። እኛ መጀመሪያ ወዲያና ወዲህ ፈትገነው ምንም አልሆነልንም፤ ለካ ያሰለፍነውን መልሰን እያፈረስን ኖሯል!

ሁሉም ነገር እንደ ብረት አይታዘዝም። የአሉሚኒየም ድስት የሚሳበው በእጅ በማይታወቅ መጠን ነው። መዳብና ወርቅ እንዲያውም በጥቂቱ ይሸሻሉ። ስለዚህ ገበያ ላይ «ወርቅ ነው» የተባለ ቀለበት ማግኔት ላይ ከተለጠፈ ንጹሕ ወርቅ አይደለም። ባይለጠፍም ገና አትመኑት፤ ናስም አይለጠፍምና።

ወደ እሳቱ እንመለስ። ሙቀት ጥቃቅኖቹን ያንቀጠቅጣቸዋል። ብረት 770 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሰልፉ ፈጽሞ ይበተናል። እንጦጦ ጫፍ ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ከዚህ ጋር አስተያዩት። ይህ ለማጭድ ይጠቅማል። ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የተሠራ ማጭድ በደንብ ሳይግል ቢነከር አይጠነክርም፤ ከልክ በላይ ቢግል ደግሞ ይሰባበራል። ማግኔት መሳቧን ካቆመች በኋላ ጥቂት አግሎ መንከር ነው። ማግኔቷን በክር አንጠልጥሎ ቶሎ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ከጋለች እሷም ኃይሏን ታጣለች። ባለእጁ ግን ይህን ሁሉ በብረቱ ቀለም ብቻ ይለያል። እንዲህ ያለውን ባለሙያ የሚንቅ ሰው በምን ሊያርስ፣ በምንስ ሊያጭድ ነው?

እንግዲህ ከየካ በላይ ያለውን የእንጦጦን ተራራ እንመልከት። ድንጋዩ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከመሬት ውስጥ ቀልጦ የወጣ ነው። በውስጡ ማግኔታይት የሚባል ብረት ያለበት ጥቁር ማዕድን አለ። መሬት ራሷ ትልቅ ማግኔት ስለሆነች፣ ቅላጩ ሲቀዘቅዝ ማግኔታይቱ በእሷ አቅጣጫ ተሰልፎ ቀረ። የሳይንስ ሰዎች ከእንዲህ ዓይነት ድንጋይ እንዳነበቡት የመሬት ማግኔት ብዙ ጊዜ ተገልብጧል። የመጨረሻው ከ780 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከዚያ በፊት ኮምፓስ ቢኖር ኖሮ ወደ ደቡብ ይጠቁም ነበር። ይህን የመሬት ኃይል የሚለካ ጣቢያ በ1950 ዓ.ም. ገደማ አራት ኪሎ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ተቋቁሟል። በአውሮፓ የኮምፓስ መርፌ አፍንጫው ወደ መሬት ይደፋል፤ በአዲስ አበባ ግን አግድም ይተኛል ማለት ይቻላል።

ማግኔታይቱን ለማየት ሩቅ መሄድ የለብንም። ዝናብ ካባራ በኋላ ከእንጦጦ በሚወርደው ጅረት ዳር ጥቁር አሸዋ ይከማቻል። አሸዋውን አድርቁና ማግኔቷን በወረቀት ጠቅልላችሁ አስጠጉት። ጥቁሩ እንደ ጺም ቆሞ ይለጠፋል። ወረቀቱን አትርሱ፤ ያለ እሱ አሸዋውን ከማግኔቷ ላይ ስትለቅሙ ትውላላችሁ።