ቀርከሃ ሞልቶ ሳለ ቱቦው ለምን አጠረ?

ለማሻ ሰው ስለ ውሃ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዝናቡ ክረምት ከበጋ አይለይም፣ ጭጋጉ ደኑን ለቅቆ አይሄድም፣ ከሸካ ተራሮች የሚወርደው ጅረትም ወደ ባሮ ይገሰግሳል። ዋና የሚችል ሰው ግን ተፈልጎ ነው የሚገኘው። ወንዞቻችን ቀዝቃዛ፣ ድንጋያማና ችኩል ስለሆኑ ልጅ የሚያድገው «ወንዝ እንዳትገባ!» እየተባለ ነው።

ታዲያ ሰሞኑን ጅቡቲ የሚሠራ ዘመድ «መጥታችሁ ባሕር እዩ» ብሎ የላከው ቪዲዮ ቡና ላይ ሲዞር ዋለ። አንዱ ሰው በሰፌድ ስፋት ጣውላ መሰል ነገር ላይ ቆሞ ባሕሩን ይቀዝፋል። ሌላዋ ፊቷን ውሃ ውስጥ ደፍታ፣ አጭር ቱቦ ነክሳ፣ ሳትንቀሳቀስ ትንሳፈፋለች። ቡናውን ያፈሉልን እትዬ «ቆይ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ላይ ነው የቆመው?» አሉ። የሰባተኛ ክፍሉ ልጃቸው ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ፦ «ጋሼ፣ ቱቦውን ለምን አሳጠሩት? እኛ ጋ ቀርከሃ ሞልቷል። ሦስት ሜትር ቆርጬ ብነክሰው ባሕሩ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አልተነፍስም?»

የልጁ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። እዚያ ለመድረስ ግን ከእናቱ ጥያቄ መነሳት ይሻላል። ሁለቱም ጨዋታዎች የውሃ ይመስላሉ እንጂ፣ ነገራቸው ሁሉ የአየር ነው።

ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ለመድፈቅ ሞክሩ። መልሶ የሚገፋችሁ ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ ኃይል ነው። ውሃ ቦታውን ሲለቅ በለቀቀው ልክ ያነሳል፤ አርኪሜዲስ ከ2,000 ዓመት በፊት የደረሰበት ይህንኑ ነው። ሰውየው የቆመበት ጣውላ መሰል ነገር ፓድል ቦርድ ይባላል፤ ለጀማሪ የሚሰጠው ርዝመቱ 3 ሜትር ከምናምን፣ ወርዱ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር ነው። ውስጡ የሚይዘው አየር 300 ሊትር ያህል ይሆናል፤ በጀሪካን ሲቆጠር አሥራ አምስት። 70 ኪሎ ሰው 10 ኪሎ በሚመዝን ቦርድ ላይ ቢቆም ከቦርዱ ውፍረት ውሃ ውስጥ የሚገባው አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ እትዬ፣ ሰውየው የቆመው አየር ላይ ነው።

አየር የሞላ ነገር እንደ ኳስ ሳይድበለበል እንዴት ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል? በፓምፕ የሚነፋው ቦርድ የላይኛው ልባሱ ከታችኛው ጋር እኩል ርዝመት ባላቸው እጅግ ብዙ ክሮች ተሰፍቷል። አየሩ ሊያሳብጠው ሲሞክር ክሮቹ ይወጠሩና ይይዙታል። ከ12 እስከ 15 ፒኤስአይ ሲነፋ፣ ማለትም የአነስተኛ መኪና ጎማ ከሚይዘው ግማሽ ገደማ፣ እንደ እንጨት ይጠነክራል። ፀሐይ ላይ ተጥሎ ከዋለ ግን ውስጡ ያለው አየር ይሞቅና ስፌቱን ያስጨንቀዋል፤ ለዚህ ነው አስጎብኚዎች ቦርዱን ጥላ ሥር የሚያቆዩት።

አየር ላይ የመንሳፈፍን ጥበብ የጣና ሰዎች ከፋብሪካው በፊት ያውቁታል። የነገደ ወይጦ ባለሙያዎች ታንኳ የሚሠሩበት ደንገል ግንዱ ስፖንጅ ነው፣ በአየር የተሞላ። ታስሮ ሲጠቀለል ሰውም እንጨትም ይሸከማል። እየቆየ ግን በአየሩ ቦታ ውሃ ይገባና ይከብዳል፤ ስለዚህ ታንኳው ከውሃ ወጥቶ ዳር ላይ ይደርቃል፣ ዕድሜውም አጭር ነው። የሚቀዘፈውም በቀርከሃ ነው። የማሻ ሰው ከዚህ የሚጎድለው ሐይቁ ብቻ ነው ማለት ነው።

መቆሙ በቃል ቀላል ነው። ቦርዱን እስከ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ትገፉታላችሁ፣ መሐሉ ላይ ያለውን እጀታ ይዛችሁ በጉልበታችሁ ትወጣላችሁ፣ ትንሽ ተንበርክካችሁ ትቀዝፋላችሁ፣ ከዚያ እግሮቻችሁን በእጀታው ግራና ቀኝ አድርጋችሁ ትነሳላችሁ። እግር መንቀጥቀጡ አይቀርም። ጀማሪን የሚጥለው ዓይኑ ነው፦ እግሩን ሲያይ ጭንቅላቱ ወደፊት ይደፋል፣ ወገቡ ይታጠፋል፣ ቦርዱ ያዘነብላል። ዓይን ሩቅ፣ ባሕርና ሰማይ የሚገጥሙበት ላይ ይዋል። ጉልበት ላላ ይበል። መቅዘፊያው ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ሦስተኛ እግር ይደግፋል፤ ቦርዱም ሲሄድ ከቆመበት ይልቅ ይረጋል። ስለዚህ የፈራ ሰው መቅዘፍ አለበት፤ ቀጥ ብሎ መገተር ነው የሚጥለው። የመቅዘፊያው ምላስ ትንሽ ታጥፎ የተሠራ ነው። እጥፋቱ ወደ ፊት ማየት ሲገባው ጀማሪው ሁሉ ማንካ እንደሚይዝ አድርጎ ወደ ራሱ ያዞረዋል፤ አስጎብኚው መጀመሪያ የሚያርመው ይህንን ነው። ርዝመቱ እጅ ወደ ላይ ሲዘረጋ አንጓ ላይ የሚደርስ ይሁን።

መውደቅም ሥርዓት አለው። ከቦርዱ ርቆ፣ በጀርባ ወይም በጎን፣ ሰፋ ብሎ ነው የሚወደቀው፤ በእግር ቀጥ ብሎ የወረደ ሰው ኮራል ወይም የባሕር ጃርት ሊያገኘው ይችላል። ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰረው ገመድ ቦርዱ እንዳይርቅ ነው። ቦርዱ ከሁሉ ትልቁ መንሳፈፊያችሁ ስለሆነ በምንም ምክንያት አይለቀቅም፣ ላይፍ ጃኬትም አብሮ ይለበሳል።

እዚህ ላይ ለአገሬ ወጣቶች ጣልቃ ልግባ። ይህ ገመድ ለረጋ ውሃ ነው። በሚፈስ ወንዝ ላይ ግን ግንድ ወይም ድንጋይ ላይ ቢጠመጠም ውሃው ሰውየውን ደፍቆ ይይዘዋል፣ ጎንበስ ብሎ መፍታትም አይቻልም። ቪዲዮ አይቶ ማሻ ወንዝ ላይ የሚሞክር እንዳይኖር። ታች ጋምቤላ ደግሞ ባሮ ራሱ አዞ አለው።

ሰው ገንዘብ የሚያወጣው ለቦርዱ ይመስለዋል። በእኔ ግምት አስጎብኚ የሚከፈለው ነፋሱን ስለሚያውቅ ነው። በባሕር ዳርቻ ፀሐይ ወጥታ ምድሩ ሲግል በላዩ ያለው አየር ይነሳል፣ ከባሕሩ ያለው ቀዝቀዝ ያለ አየር ቦታውን ሊተካ ይመጣል፤ ከረፋድ በኋላ ነፋስ የሚበረታው ለዚህ ነው። ስለዚህ ጉዞው በጠዋት ነው። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ቢያንስ ወደ ዳር ይገፋችኋል። አደገኛው ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍሰው ነው፣ የሚያታልልም እሱ ነው። ቤቱና ዛፉ ስለሚከልሉት ዳሩ ላይ ውሃው መስተዋት መስሎ ይታያል፤ 200 ሜትር ገባ ስትሉ ግን የቆመ ሰው ሸራ ይሆንና ወደ ጥልቁ ይሄዳል። ደህና አስጎብኚ ሲወጣ ነፋሱን በፊቱ ይቀበላል፣ ደክሞት ሲመለስ ከኋላው እንዲገፋው። ነፋስ ከጠነከረ መድኃኒቱ መንበርከክ፣ ከዚያም በሆድ ተኝቶ በእጅ መቅዘፍ ነው፤ ሸራው ይወርዳል።

አሁን ወደ ልጁ ቱቦ። ከዚያ በፊት ግን ከቱቦው ጋር ስለሚደረገው መነጽር፣ ማስክ ስለሚሉት። አንድ ሲኒ አምጥታችሁ ታቹ ላይ ሳንቲም አድርጉ። የሲኒው ጠርዝ ሳንቲሙን እስኪሰውርባችሁ ድረስ ወደ ኋላ ሽሹ። ሌላ ሰው ውሃ ቀስ አድርጎ ሲጨምርበት ሳንቲሙ ከተደበቀበት ብቅ ይላል። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲሻገር ይታጠፋልና። ዓይናችን ጥርት አድርጎ የሚያየው ብርሃን ከአየር ወደ ዓይን ሲገባ በሚያደርገው እጥፋት ነው። ውሃ ውስጥ ዓይን ሲገለጥ እጥፋቱ ከሞላ ጎደል ይጠፋል፣ ሁሉ ነገር ይደበዝዛል። ማስኩ የሚሠራው አንድ ነገር ነው፦ ዓይን ፊት ትንሽ አየር ይመልሳል። ታዲያ ብርሃኑ መስታወቱ ላይ ስለሚታጠፍ ዓሣው በሲሶ ያህል ገዝፎ፣ በሩብ ያህል ቀርቦ ይታያል። ባሕር ደርሶ መጥቶ ስለ ዓሣ መጠን የሚያወራ ሰው ስትሰሙ ይህን ቀንሱለት።

ማስኩ አፍንጫንም ይሸፍናል። ጠለቅ ሲባል ውሃው ማስኩን ፊት ላይ ሲጫነው በአፍንጫ ትንሽ አየር እፍ ብሎ ማመጣጠን ይቻላል፤ የዋና መነጽር ግን ይህ የለውም። ልኩ የሚፈተነው ማሰሪያውን ሳይጠቀሙ ፊት ላይ አድርጎ በአፍንጫ አየር በመሳብ ነው፣ ካልወደቀ ልክ ነው። ጺም ያለው ሰው ጥቂት ውሃ ይገባበታል። ሹሩባ የተሠራችም ብትሆን ከጎማው ጠርዝ ሥር አንዲት ዘለላ ፀጉር እንዳትገባ ትመልከት። መስታወቱ እንዳያጉም ምራቅ ይቀባና ለቅለቅ ይደረጋል። ጉም ማለት ጥቃቅን ጠብታዎች ናቸው፤ ምራቁ ጠብታ እንዳይሠራ ውሃውን አንድ ስስ ልባስ ያደርገዋል።

ቱቦው፣ ስኖርክል የሚሉት፣ ርዝመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ጊዜ የምንስበው አየር በዕረፍት ግማሽ ሊትር ያህል ነው። ከዚያ ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር የሚሆነው ጉሮሮና የአየር ቧንቧ ውስጥ ቀርቶ ሳንባን ሳይጠቅም ይመለሳል። ወርዱ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ ደግሞ 125 ሚሊ ሊትር ያህል ይጨምርበታል። በየትንፋሹ መጀመሪያ የምንስበው እዚያ የቀረውን፣ እኛው ያስወጣነውን አየር ነው። ጀማሪ የሚታፈነው በዚህ ምክንያት ነው፦ ይደነግጣል፣ አጫጭር ትንፋሽ ቶሎ ቶሎ ይወስዳል፣ የራሱን ያገለገለ አየር ያመላልሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይጠራቀማል፣ አየር እያለ አየር ያጣ ይመስለዋል። ማስወጣቱን ማስረዘም ነው መላው። ቀስ ብሎ አውጥቶ ቀስ ብሎ መሳብ። ከማሻ ለሄደ ሰው አንድ ጉርሻ አለው፤ ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች የባሕር ዳር አየር በሩብ ያህል ይጠጥራል።

ያንተ ቀርከሃ ግን፣ አንተ ልጅ፣ በሁለት በኩል ይወድቃል። ሦስት ሜትሩ በዚያው ወርድ ወደ አንድ ሊትር ይይዛል፤ አንተ የምትስበው ግማሽ ሊትር ነው። ስለዚህ አዲስ አየር አፍህ ሳይደርስ ያንኑ ያስወጣኸውን ስትመላልስ ትውላለህ። «በደንብ ከሳብኩስ?» ብትል ሁለተኛው ይጠብቅሃል። አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ ውሃ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 100 ግራም ይጫናል። ይህ በደረት ላይ ሲደመር ወደ አንድ ኩንታል ሊጠጋ ይችላል፤ ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ግን የላይኛው ዓለም አየር ስለሆነ ከውስጥ አያግዝህም። ሦስት ሜትር ላይ ደረትህ አይከፈትም፣ ሳንባም ሊጎዳ ይችላል። ጠላቂዎች ሲሊንደር የሚሸከሙት ውሃው በሚጫነው ልክ የታመቀ አየር እንዲሰጣቸው ነው። በእርሳስ ወረቀት ላይ ሠርተን ጨረስነው፣ ወንዝ መውረድ አያስፈልግም።

የቱቦው ብልሃት ሌላ ቦታ ነው ያለው። የሰው ጭንቅላት አምስት ኪሎ ያህል ይመዝናል። ለመተንፈስ ከውሃ በላይ ባነሳነው ቁጥር ቀሪውን ሰውነት ወደ ታች ይጫነዋል፤ ዋና የማይችል ሰው የሚደክመውም በዚህ ነው። ቱቦ የነከሰ ሰው ግን ጭንቅላቱን ውሃው ይሸከምለታል። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይዞ ከወንዝ ውሃ ትንሽ ስለሚከብድ ይበልጥ ያነሳል፣ ቀይ ባሕር ደግሞ ከዚያ በላይ ጨዋማ ነው። ውሃ ቱቦ ውስጥ ከገባ «ቱ!» ብሎ አንድ ጊዜ በኃይል መንፋት ነው፤ ለዚያ የሚሆን አየር ሁልጊዜ ደረት ውስጥ ይቀመጥ። ጠልቆ ለመቆየት ብሎ አስቀድሞ ደጋግሞ መተንፈስ ግን ክልክል ይሁን፣ ሰው ሳያውቀው ራሱን የሚስትበት መንገድ ነው።

የት ይኬዳል? ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ባሕር የለንም፤ ምጽዋን ያዩ አዛውንቶች ናቸው የሚያወሩልን። ቅርቡ ጅቡቲ ነው፣ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ባቡር አለ። ከጅቡቲ ከተማ በጀልባ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ላይ ኮራል ይታያል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ደግሞ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ አርታ አካባቢ፣ የዓሣ ሁሉ ትልቁ የሆነው ዌል ሻርክ ብቅ ይላል፤ የሚመጡት በብዛት ገና ያልደረሱ ናቸው፣ የሚበሉትም ጥቃቅን የባሕር ፍጡራንን ነው። ሰው አይነካቸውም፣ ጥቂት ሜትሮች ርቆ ከጎን ያያል። በሞምባሳ ደቡብ፣ ዲያኒ፣ ከዳሩ ትይዩ የሚሄደው የኮራል ግንብ ማዕበሉን ውጭ ስለሚያስቀረው ውስጡ ለጀማሪ ይመቻል። የትም ቢሆን ኮራል ላይ አይቆምም፣ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ጀርባችሁንም ሸሚዝ አልብሱት፤ ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል።

ለመለማመድ ላንጋኖ ይበቃል፤ ከቢልሃርዚያ ነጻ በመሆኑ ይታወቃል። ውሃው ቡናማ ስለሆነ ማስክ ይዞ መሄድ ግን ከንቱ ነው፣ የራሳችሁን እጅ አታዩም።

ከአስጎብኚው ጋር ስትነጋገሩ «ዋና አልችልም» የሚለውን መጀመሪያ ተናገሩ፣ ይሉኝታ አያስፈልግም። ስንት ሰው ይዞ እንደሚወጣና የማዳኛ ጀልባ እንዳለው ጠይቁ። ነፋስ ተነስቶ «ዛሬ አንወጣም» ካለ ገንዘቡ ይመለስ ወይም ቀኑ ይተላለፍ እንደሆነም ከመክፈላችሁ በፊት ተስማሙ። ይህን ጥያቄ ስትጠይቁት ወደ ባሕሩ ዞሮ የነፋሱን አቅጣጫ ካሳያችሁ፣ ክፈሉት።