የጽጌረዳ ሞዛይክ በሽታ፤ ምልክቱና መከላከያው

ጽጌረዳ ከግቢ ማስጌጫነቱ ሌላ ችግኝ ለሚያባዙ ማኅበራት የገቢ ምንጭ ነው። ስለዚህ ከችግኙ ጋር አብሮ የሚሸጠውን በሽታ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የምንገልጸው በቫይረስ የሚመጣውን የሞዛይክ በሽታ ነው።

ምልክቱ፦ በቅጠሉ ላይ ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ጠመዝማዛ መስመር ወይም ቀለበት ይታያል። አንዳንድ ጊዜ የቅጠሉ ጅማቶች ቢጫ መረብ ይመስላሉ። የታመመው ተክል ቶሎ አይሞትም፤ ነገር ግን ጉልበቱ ይደክማል፤ የአበባው ቁጥር ያንሳል፤ አገዳውም ያጥራል። ምልክቱ በቀዝቃዛ ጊዜ በወጡ ቅጠሎች ላይ ይጎላል፤ ሙቀት ሲበረታ ሊጠፋ ይችላል። ምልክቱ ጠፋ ማለት ግን ተክሉ ዳነ ማለት አይደለም።

ከሌሎች ችግሮች አለያየቱ፦ አዳዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ጅማቶቻቸው ብቻ አረንጓዴ ከሆኑ የብረት ንጥረ ነገር እጥረትን እንጠርጥር። ቅጠሉ በጥቃቅን ነጠብጣብ ተሸፍኖ ከሥሩ ድር ካለበት ጥፋቱ የቀይ ሸረሪት ነው። ሞዛይክ ግን ብዙ ጊዜ በአንዳንድ ቅርንጫፎች ላይ ብቻ ይታያል።

መተላለፊያው፦ በሽታው በአብዛኛው የሚዛመተው ከታመመ ተክል ዓይን ወስዶ በሌላ ግንድ ላይ በማጣበቅ፣ ወይም የታመመ የሥር ግንድ በመጠቀም ነው። በመግረዣ መቀስ መዛመቱ የተለመደ አይደለም። ከአንድ የታመመ እናት ተክል 100 ዓይን የወሰደ ማኅበር 100 የታመሙ ችግኞች ሊያሠራጭ ይችላል።

መደረግ ያለበት፦
1. ምልክቱ በሚጎላበት ወቅት እናት ተክሎችን አንድ በአንድ መመርመር፤ የታመሙትን በቀለም ወይም በጨርቅ ምልክት ማድረግ።
2. ምልክት ከተደረገበት ተክል ዓይንም ሆነ ለተከላ የሚሆን ቁራጭ ግንድ ፈጽሞ አለመውሰድ።
3. በችግኝ ጣቢያ ያለውን የታመመ ተክል ነቅሎ ማስወገድ። በግለሰብ ግቢ ያለውን ግን ባለቤቱ ለአበባው ሊያቆየው ይችላል፤ ውኃና ማዳበሪያ ሲያገኝ ይሻለዋል።
4. ቫይረስን የሚያድን የሚረጭ መድኃኒት ስለሌለ ለዚሁ ሲባል ገንዘብ አለማውጣት።

ተክሉን በ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለ4 ሳምንት ያህል በማቆየት ከቫይረሱ ማጽዳት ይቻላል፤ ይህ ግን ልዩ ክፍልና ምርመራ ስለሚጠይቅ በማኅበር ደረጃ የሚሠራ አይደለም። ለማኅበራት የሚበጀው ንጹሕ እናት ተክል መርጦ ለብቻው መያዝ ነው። የልማት ሠራተኞችም ምርመራው ሙቀቱ ሳይበረታ እንዲካሄድ እንዲያሳስቡ እንመክራለን።