ላልተዘራ መሬት የተከፈለ ገንዘብ

መንግሥት ለገበሬ ድጎማ ይሰጣል ሲባል በሐሳባችን ቶሎ የሚመጣው የሚያርሰው ሰው ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ከግምጃ ቤት ወጥቶ ከሰው እጅ እስኪደርስ ድረስ በመዝገብና በውል ቅጽ ውስጥ ያልፋል፤ ማን እንደሚቀበልና ማን ባዶ እጁን እንደሚቀር የሚወሰነውም በዚያ ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆነን በአሜሪካ፣ በአርካንሳስ ግዛት፣ በፖይንሴት ካውንቲ የሆነው ነገር ነው። ካውንቲ ማለት በእኛ አነጋገር አውራጃ እንደ ማለት ነው፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1929 አንድ ፓውንድ ጥጥ 16 ሳንቲም ግድም ያወጣ ነበር፤ በ1932 ግን ከ7 ሳንቲም በታች ወረደ። በዚህም ምክንያት በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጊዜ፣ በ1933 በወጣው የእርሻ ሕግ መሠረት፣ የሚዘራውን መሬት ለሚቀንስ ሁሉ መንግሥት ገንዘብ ይከፍል ጀመር። በዚያው ዓመት በቅሎ የነበረው ጥጥ እንኳ፣ 10 ሚሊዮን ኤከር ያህል፣ ተገልብጦ ታረሰ።

ታዲያ የተከፈለው ለማን ነው? በደቡቡ የጥጥ አገር መሬቱ የባለርስቱ፣ ጉልበቱ የእኩል አራሹ ነበር። ለ1934 እና ለ1935 በተዘጋጀው ውል፣ ሳይዘራ በቀረው መሬት ሊገኝ ይችል ለነበረው ጥጥ በፓውንድ 4 ሳንቲም ተኩል ይታሰብ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ አራቱ ሳንቲም ለባለርስቱ፣ ግማሿ ለአራሹ ነበረች። ባለርስቱ የአራሾቹን ቍጥር በተቻለ መጠን እንዲጠብቅም ውሉ ያዝዛል። በተቻለ መጠን! በመሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ይህ ቃል ምን ያህል ሰፊ በር እንደሚከፍት ያውቀዋል። የሚዘራው መሬት ሲያንስ የሚፈለገው ጉልበትም አነሰ፤ ብዙ ቤተ ሰብ ከጎጆው ተባረረ። አቤቱታ የሚሰማው የአካባቢው ኮሚቴም ቢሆን ባለርስቶች የበረከቱበት ነበር።

በሐምሌ 1934፣ በፖይንሴት ካውንቲ፣ ቲሮንዛ ከምትባለው ከተማ አጠገብ 11 ነጮችና 7 ጥቁሮች ተሰብስበው የደቡብ ጭሰኛ ገበሬዎች ማኅበርን መሠረቱ። በዚያ ዘመን በዚያ አገር ነጭና ጥቁር አብሮ መቀመጡ ራሱ የሚያስደበድብ ነገር ነበር። የማኅበሩ ክርክር እስከ ዋሽንግተን ደረሰ። በእርሻው መሥሪያ ቤት የነበሩ የሕግ ሰዎች ባለርስቱ ቍጥሩን ብቻ ሳይሆን እነዚያኑ አራሾች ማቆየት አለበት ብለው ውሉን ተረጐሙ። በየካቲት 1935 ግን ትርጕማቸው ተሽሮ፣ ጄሮም ፍራንክን ጨምሮ አያሌዎቹ ከሥራ ተሰናበቱ።

በ1938 የወጣው ሕግ ክፍያው እንደ ሰብሉ ድርሻ እንዲከፋፈል አዘዘ። ይህ ለአራሹ የተሻለ ነበር፤ ዳሩ ግን ድርሻ ያለው እኩል አራሹ እንጂ የቀን ሠራተኛው አይደለም። ባለርስቱ እኩል አራሹን አሰናብቶ የቀን ሠራተኛ ቢቀጥር ክፍያው በሙሉ ለእርሱ ይቀርለታል፤ በዚሁ ገንዘብ ትራክተር የገዛም ብዙ ነው።

ዛሬ ቅጹ ሌላ ነው። የየካውንቲውን የእርሻ ጽሕፈት ቤት የሚከታተለው ገበሬዎች የሚመርጡት፣ ከ3 እስከ 11 አባላት ያሉት ኮሚቴ ነው። በ2014 ሕግ ከተደነገጉት ዋና ዋና ክፍያዎች አንዱ፣ የሰብሉ ዋጋ ከተወሰነው ልክ ሲወርድ የሚሰጥ ነው፤ የሚታሰበውም በዚያ ዓመት በተዘራው ሳይሆን ቀድሞ በመዝገብ በሰፈረው የመሬት ስፋት ነው። በጥሬ ገንዘብ ተከራይቶ የሚያርስ ገበሬ ክፍያውን በራሱ ስም ይቀበላል። አከራዩም ይህን ስለሚያውቅ ውሉ ሲታደስ ኪራዩን ከፍ ያደርጋል፤ ከክፍያው ከፊሉም በዚህ መንገድ ወደ ባለመሬቱ ኪስ ይገባል።