የሩቅ ዘርና ዜግነት

በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ የዘር ሐረግ እስከ ሰባት ቤት ይቈጠራል፤ ይኸውም ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። በሌላው ዓለም ግን ዜግነት ለማግኘት ሲሉ አያት ቅድመ አያታቸውን የሚቈጥሩ ሰዎች አሉ። በዚህ ረገድ ጐልታ የምትታየው ኢጣልያ ስለ ሆነች ንግግራችን በእርስዋ ላይ ይሆናል፤ ዓመቶቹንም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር እንሰጣለን።

ከ1876 እስከ 1915 ድረስ 14 ሚሊዮን ያህል ኢጣልያውያን ኑሮ ቢከብዳቸው ወደ ሌሎች የኤውሮፓ አገሮችና ወደ አሜሪካ ምድር ተሰደዱ። የ1912ቱም ሆነ እርሱን የተካው የ1992ቱ ሕግ ዜግነት ከወላጅ ወደ ልጅ እንዲተላለፍ ሲደነግግ የትውልዱን ቍጥር አልወሰነም ነበር። ስለዚህም ቅድመ አያቱ ከኢጣልያ የፈለሰ የብራዚል ተወላጅ ቋንቋውን ባይሰማም፣ አገሪቱን በዓይኑ ባያያትም፣ ዜግነቱ እንዲታወቅለት ማመልከት ይችል ነበር።

የሚፈለግበት ማስረጃ ግን ቀላል አይደለም። በየትውልዱ የልደትና የጋብቻ ወረቀት ማቅረብ አለበት። አያትዬው የኢጣልያ መንግሥት ከታወጀበት ከማርች 17 ቀን 1861 በፊት የሞተ እንደ ሆነ፣ ወይም ልጁ ሳይወለድ የሌላ አገር ዜግነት የተቀበለ እንደ ሆነ ሐረጉ ተቈረጠ ማለት ነው። እንግዲህ ደም ተባለ እንጂ የሚመረመረው ወረቀት ነው፤ መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል።

የእናት ነገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። ከኢጣልያዊት እናትና ከውጭ አገር አባት የተወለዱ ሁለት ወንድማማቾች ቢኖሩ፣ በ1947 የተወለደው ከእናቱ ዜግነት አይወርስም፤ ሕገ መንግሥቱ ከጸናበት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1948 በኋላ የተወለደው ታናሹ ግን ይወርሳል። የሰበር ችሎት በ2009 ለታላቁ በር ከፈተለት፤ ነገር ግን መብቱን የሚያገኘው በፍርድ ቤት ተሟግቶ ነው።

በውጭ የሚኖሩት ዜጎች ከ2014 እስከ 2024 መጨረሻ ከ4.6 ሚሊዮን ወደ 6.4 ሚሊዮን ስላደጉ መንግሥቱ በማርች 2025 ደንቡን አጠበበ። ከዚያ ወዲህ በውጭ አገር ተወልዶ ሌላ ዜግነት ያለው ሰው በመሠረቱ ከወላጁ ወይም ከአያቱ አልፎ መቍጠር አይችልም፤ እነርሱም ቢሆኑ የኢጣልያ ዜግነት ብቻ ያላቸው፣ ወይም እስከ ሞታቸው የነበራቸው መሆን አለባቸው።

በአንጻሩ ከውጭ አገር ወላጆች እዚያው ኢጣልያ የተወለደና በትምህርት ቤትዋ ያደገ ልጅ፣ የኛም አገር ሰዎች ልጆች ሳይቀሩ፣ በትውልዱ ቦታ ምክንያት ዜግነት መጠየቅ የሚችለው ሳያቋርጥ ኖሮ 18 ዓመት ሲሞላው ነው። ይህን ሚዛን ከዚያኛው ጋር አስተያይቶ ትክክል ነው ለማለት እኛ እንቸገራለን።

የኢትዮጵያ ሕግ ሌላ መንገድ መርጧል። በእኛ አቈጣጠር በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 270 ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ለነበረ የውጭ ዜጋ የመታወቂያ ካርድ ፈቀደ። ባለ ካርዱ ያለ ቪዛ እንዲገባ፣ ያለ ሥራ ፈቃድም እንዲሠራ ተፈቀደለት፤ እንዲመርጥና እንዲመረጥ ግን አልተፈቀደለትም።