የመሥሪያ ቤት ቁጠባና ብድር ማኅበር

የሠራተኞች የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ከየወር ደመወዛቸው እየቀነሱ የሚያጠራቅሙበት፣ ካጠራቀሙትም እርስ በርስ የሚበዳደሩበት ተቋም ነው። ባለቤቶቹ ቆጣቢዎቹ ራሳቸው ናቸው። አንዳንዱ ቢሮ «ክሬዲት» ይለዋል፣ ሌላው በአጭሩ «ቁጠባ ማኅበር»። ብዙውን ጊዜ ያለው ሀብት አንድ ጠባብ ክፍል፣ አንድ የሒሳብ ሠራተኛና ከመደበኛ ሥራቸው ጎን ለጎን በኮሚቴ የሚያገለግሉ ጥቂት አባላት ነው። እንዲህ ትንሽ ቢመስልም ለደመወዝተኛ ቤተሰብ የሚሰጠውን አገልግሎት ባንክ በቀላሉ አይተካውም። ባንክ ብድር ሲጠየቅ በአብዛኛው ቤት ወይም ተሽከርካሪ በመያዣነት ይፈልጋል። ደመወዝተኛው ያለው ግን በወሩ መጨረሻ የሚገባ ገንዘብና ባልደረቦቹ በእሱ ላይ ያላቸው እምነት ነው፤ ማኅበሩም የሚያበድረው በእነዚሁ በሁለቱ ላይ ተመሥርቶ ነው።

አሠራሩ መነሻው ጀርመን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሄርማን ሹልዘ-ዴሊች በከተማ የእጅ ባለሙያዎች፣ ፍሪድሪኽ ቪልሄልም ራይፋይዘን ደግሞ በአራጣ አበዳሪ በተማረሩ ገበሬዎች መካከል የብድር ማኅበራትን አደራጁ። ራይፋይዘን በሄደስዶርፍ የመሠረተው ማኅበር እ.ኤ.አ. የ1864 ነው። በኢትዮጵያም ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ያቋቋሙት ማኅበር በአገሪቱ የመጀመሪያው የቁጠባና ብድር ማኅበር ሆኖ ይጠቀሳል። ጅምሩ ከትልቅ ድርጅት መነሣቱ ተገቢ ነው፤ በወቅቱ የሚከፈል ደመወዝና የተደራጀ የሒሳብ ክፍል ከሌለ ማኅበሩ መቆም አይችልም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሕግ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ተለውጧል። ለረጅም ጊዜ ያገለገለው አዋጅ ቁጥር 147/1991 ሲሆን እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው።

ዕቁብን የሚያውቅ ሰው ማኅበሩን ለመረዳት አይቸገርም፤ ልዩነታቸው ግን መሠረታዊ ነው። ዕቁብ ዙሩ ሲሞላ ይበተናል፣ ገንዘቡን ማን አስቀድሞ እንደሚያነሣም ዕጣ ይወስናል። ቁጠባ ማኅበር አይበተንም፤ ተራን የሚወስነውም ዕድል ሳይሆን ማመልከቻ፣ የቁጠባ መጠንና የችግሩ አጣዳፊነት ነው። ልጁ ሆስፒታል የገባበት ሰው የዕቁብ ዕጣ እስኪወጣለት መጠበቅ አይችልም።

አባል ለመሆን የመመዝገቢያ ክፍያ ይከፈላል፣ ዕጣ የሚባለው የባለቤትነት ድርሻ ይገዛል፣ ከዚያም ወርኃዊው መደበኛ ቁጠባ ይጀምራል። ቁጠባው በቁርጥ ገንዘብ ወይም በደመወዝ መቶኛ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በላይ የሚችል የፍላጎት ቁጠባ ይጨምራል፤ ለልጆች የተለየ የቁጠባ ደብተር የሚከፍቱ ማኅበራትም አሉ። የሥልጣን ባለቤት ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ከእሱ በታች የሥራ አመራር፣ የብድርና የቁጥጥር ኮሚቴዎች ይመረጣሉ። ብዙ የቆጠበም ጥቂት የቆጠበም ድምፁ አንድ ነው፤ የጥበቃ ሠራተኛውና ዋና ሥራ አስኪያጁ በዚህ አዳራሽ እኩል እጅ ያወጣሉ። በ1991ዱ አዋጅ ማንም አባል ከማኅበሩ ጠቅላላ የዕጣ ካፒታል ከ10 በመቶ በላይ እንዳይዝ የተከለከለው ይህን እኩልነት ለመጠበቅ ነው።

የማኅበሩ ትልቁ ጉልበት ገንዘቡ የሚሰበሰብበት መንገድ ነው። ቁጠባውም የብድር ክፍያውም የሚቀነሰው ደመወዙ ሠራተኛው እጅ ከመግባቱ በፊት፣ በመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ላይ ነው። ከኪስ አውጥቶ መቆጠብ በየወሩ አዲስ ውሳኔ ይጠይቃል፤ ከምንጩ የተቀነሰ ገንዘብ ግን ቤተሰቡ ከመጀመሪያውም በበጀቱ ውስጥ አይቆጥረውም። ይህ እንዲሆን የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀናሽ ጣሪያም አበጅቶለታል፤ በአንድ ጊዜ ከደመወዝ ላይ የሚቀነሰው ጠቅላላ ገንዘብ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገባል። የወር ደመወዙ 12,000 ብር የሆነና በየወሩ 600 ብር የሚቆጥብ አባል አለ እንበል። ማኅበሩ የቁጠባውን ሦስት እጥፍ የሚያበድር ከሆነ 60,000 ብር ለመበደር 20,000 ብር ማጠራቀም ይኖርበታል፤ ይህም ሦስት ዓመት ገደማ ይወስዳል። ብድሩ በዓመት 12 በመቶ ወለድ፣ በ24 ወር የሚመለስ ቢሆን ዋናው ገንዘብ በወር 2,500 ብር ይደርሳል። ወለዱ በቀሪ ዕዳ ላይ ብቻ ሲታሰብ በመጀመሪያው ወር 600 ብር፣ በመጨረሻው ወር 25 ብር ሲሆን በጠቅላላው 7,500 ብር ይመጣል። ያው 12 በመቶ ከመነሻው ብድር ላይ ሳይቀንስ ለሁለት ዓመት ቢታሰብ ግን 14,400 ብር ይሆን ነበር። ስለዚህ ተበዳሪ ከወለዱ መጠን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ወለዱ በምን ላይ እንደሚታሰብ ነው፤ መቶኛው አንድ ሆኖ የወለዱ ክፍያ ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላልና። የዚህ አባል የመጀመሪያ ወር ተቀናሽ ከቁጠባው ጋር 3,700 ብር ነው። ጣሪያው 4,000 ብር ስለሆነ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ግብሩና 7 በመቶው የጡረታ መዋጮም ከዚያው ደመወዝ ይወጣሉ። ሕግ የፈቀደውን ሁሉ ቤት ይችለዋል ማለት አይደለም፤ ጥሩ የብድር ኮሚቴም ይህን ሳይሳቀቅ ለአመልካቹ ይነግረዋል።

ብድር የሚጠየቅበት ወቅት የቤተሰቡን የዓመት አቆጣጠር ይከተላል። ነሐሴና ጳጉሜን የትምህርት ቤት መመዝገቢያ፣ የደንብ ልብስና የደብተር ወጪ ከእንቁጣጣሽ ጋር አብሮ የሚመጣበት በመሆኑ ማመልከቻ ይበዛል። ከፋሲካ ማግስት ሠርግ አለ። ተከራዩ አከራይ ቅድሚያ ክፍያ ሲጠይቀው፣ የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ የወጣለት ደግሞ ቅድመ ክፍያ ሲጎድለው ወደዚያው ይመጣል። ለዚህ ነው በርካታ ማኅበራት ከመደበኛው ብድር ሌላ ለሕመም፣ ለሐዘንና መሰል ጉዳዮች ገንዘቡ ትንሽ የሆነ አስቸኳይ ብድር የሚይዙት። እምነታቸው ወለድ የማይፈቅድላቸው ሠራተኞች በበዙባቸው ቦታዎች ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጡ ማኅበራትም አሉ።

ከቁጠባው በላይ ለሚወሰደው ገንዘብ ዋስ ይፈለጋል፤ ዋሱም አብዛኛውን ጊዜ ሌላ አባል ነው። ከማኅበሩ አሠራር ሁሉ በጣም ሊታሰብበት የሚገባው ይኼኛው ነው። «ፈርምልኝ» ብሎ የመጣ ባልደረባን ፊት መንሳት ለብዙ ሰው ከባድ ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሠራሉ፣ በለቅሶም በሠርግም ይገናኛሉ። ነገር ግን ፊርማው የይሉኝታ ምልክት ሳይሆን ዕዳ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋስትና በግልጽ መሰጠት አለበት፤ ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠንም በውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋጋ የለውም። ዋሱ ከተበዳሪው ጋር በአንድነት ኃላፊ ሆኖ ከፈረመ አበዳሪው ተበዳሪውን አስቀድሞ ሳይከስ በቀጥታ ወደ ዋሱ ሊሄድ ይችላል። እንግዲህ ፈራሚው ቁጥሩን አንብቦ፣ ያንን ያህል ገንዘብ ከራሱ ደመወዝ ቢቀነስበት ቤቱ ምን እንደሚሆን አስቦ መፈረም ይገባዋል። ባልደረባን በትሕትና እንቢ ማለት ነውር የለበትም።

እዚህ ላይ ትዳር ይገባል። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በሥራቸው የሚያገኙትን ገቢ የጋራ ሀብት ያደርገዋል። በአንቀጽ 68 ደግሞ ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱም ስምምነት እንዲኖር ይጠይቃል። ሕጉ በወጣበት በ1992 ዓ.ም. 500 ብር ቁም ነገር ያለው ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን ከማኅበር የሚወሰድ ማንኛውም ብድር ከዚህ ያልፋል። ብዙ ማኅበራት የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃና የትዳር ጓደኛ ፊርማ የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ተበዳሪዎች ይህን እንደ ማጓተቻ ቆጥረው ሲያጉረመርሙ ይሰማል፤ ሆኖም አንዱ ሳያውቅ ሌላው የገባበት ዕዳ በወር መጨረሻ የሁለቱንም መሶብ ያጎድላል። ፊርማው ቢያንስ ወሬው ቤት ውስጥ አስቀድሞ እንዲነሣ ያስገድዳል።

ማኅበሩ ከደመወዝ ጋር እንደ እትብት ስለተሳሰረ፣ ደመወዝ ሲናጋ ብድሩም ይናጋል። የዓመት ፈቃድ፣ ከወሊድ በፊት የሚሰጠው 30 ቀንና ከወሊድ በኋላ ያለው 90 ቀን ደመወዝ ስለሚከፈልባቸው ክፍያው አይቋረጥም። ሕመም ግን ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ ስድስት ወር ሊደርስ ይችላል፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ሲከፈልባቸው የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ክፍያ የላቸውም። ከላይ የታየው አባል በሁለተኛው ወር የሚያገኘው 6,000 ብር ነው። ከዚህ አንድ ሦስተኛው 2,000 ብር ሲሆን የብድሩ ወርኃዊ ክፍያ ግን ከ2,500 ብር በላይ ነው። ማለትም ሰው ገንዘብ በጣም በሚያስፈልገው ጊዜ ክፍያው ከተቀናሹ ጣሪያ ያልፋል። ተበዳሪው ሕመሙ እንደጠና አስቀድሞ ለኮሚቴው ካሳወቀ የመክፈያ ጊዜው ሊራዘምለት ይችላል። ዝም ካለ ግን ውዝፍ ይጠራቀማል፣ ማስጠንቀቂያውም ለዋሶቹ ይደርሳል።

ሕፃን ልጅ ያላት እናትም ተመሳሳይ ጫና አለባት። 90ው ቀን አልቆ ልጁን የምትተውበት ቦታ ያጣች ሠራተኛ ወደማይከፈልበት ፈቃድ ወይም ወደ መልቀቂያ ደብዳቤ ትገፋለች፤ ያኔ የብድር ክፍያዋ የሚቀነስበት ደመወዝ አይኖርም። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ መደንገጉ ከዚህ አንጻር የገንዘብም ጉዳይ ነበር። ይኸው የ2010 አዋጅ ለአባት 10 የሥራ ቀን ይሰጥ ነበር፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሚሰጠው ግን ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ለአራስ ቤት ሦስት ቀን በጣም ያንሳል።

ማኅበሩ ድክመቶችም አሉት። ዋነኛው የዋጋ ንረት ነው። ገበያው ከቁጠባው ወለድ ፈጥኖ ሲወደድ ለዓመታት የተጠራቀመው ገንዘብ የመግዛት አቅሙ ይመነምናል፤ ተጠቃሚ የሚሆነው ቀድሞ የተበደረው ነው። ስለዚህ ሁሉም መበደር ይፈልጋል፣ ካዝናው ግን የሚችለው ጥቂቱን ነው፣ ወረፋውም ይረዝማል። ሁለተኛው የጥበቃ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ የሚሸፍነው ባንኮችንና የአነስተኛ ፋይናንስ ተቋማትን ነው፤ የማኅበሩ ቁጠባ መከታ የቁጥጥር ኮሚቴው ንቃት፣ በየዓመቱ የሚደረገው የኦዲት ምርመራና ከትርፍ የሚያዘው መጠባበቂያ ናቸው። በ1991ዱ አዋጅ ለመጠባበቂያ ከተጣራ ትርፍ 30 በመቶ ይያዝ ነበር። በጠቅላላ ጉባኤ ዕለት አባላት የትርፍ ክፍፍሉን ሰምተው የኦዲት ሪፖርቱ ሳይነበብ ከተበተኑ ግን እነዚህ ሁሉ መከታዎች ይላላሉ። አሠሪውም ሊጠነቀቅ ይገባል። ከደመወዝ የቀነሰውን ገንዘብ በወቅቱ ወደ ማኅበሩ ሒሳብ ማስገባት ግዴታው ነው። ቢሮና የሥራ ሰዓት በመፍቀድ መርዳቱም ደግ ነው፤ ነገር ግን ገንዘቡ የሠራተኛው ስለሆነ ማን ይበደር በሚለው ውሳኔ ውስጥ እጁ ሊኖር አይገባም።

አባሉ ሥራ ሲለቅ ሒሳቡ ይዘጋል። ቁጠባውና ዕጣው ከቀሪ ዕዳው ጋር ይቻቻላል፤ ዕዳው ከበለጠ ልዩነቱን ከፍሎ ወይም ለመክፈል ተስማምቶ ነው ክሊራንስ የሚፈረምለት። ዋስ የነበረበት ብድር ካለ ተበዳሪው ሌላ ዋስ እንዲተካ ይጠየቃል። አባሉ ሲሞት በበርካታ ማኅበራት ከተበዳሪዎች በሚሰበሰብ የብድር መድን ቀሪው ዕዳ ይሸፈናል፤ ቁጠባው በምዝገባ ቅጹ ላይ በስም ለተጠቀሰው ወራሽ ይከፈላል። ቅጹ የሚሞላው አባሉ ሥራ በጀመረበት ሰሞን ስለሆነ ብዙዎች የእናታቸውን ወይም የታናሽ ወንድማቸውን ስም ጽፈው ይረሱታል። በጋብቻ፣ በልጅ መወለድ ወይም በፍቺ ጊዜ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሄዶ ስሙን ማስቀየር ይቻላል፤ የሚያስፈልገውም አንድ ማመልከቻ ነው።