ክረምቱን ቆሞ የከረመ ሞተር ሳይክል፦ ከመስከረም ጉዞ በፊት



የዛሬው ርእስ ለአንድ ፋኩልቲ መድረክ ያነሰ ሊመስል ይችላል። ከሐምሌ እስከ መስከረም በግቢ ቆሞ የከረመን ሞተር ሳይክል እንደገና ወደ መንገድ ከማውጣታችን በፊት ምን ማድረግ ይገባናል የሚል ነው። ነገር ግን በኮልፌ ቀራኒዮ፣ ከአየር ጤና እስከ ቤቴልና ዓለም ባንክ ባሉት ሰፈሮች፣ ሞተር ለብዙ ቤተሰብ የዕለት እንጀራ ነው። ዳገትና ቁልቁለት በሚፈራረቅበት መንገድ ላይ ደግሞ የፍሬን ነገር የነፍስ ነገር ነው። አብዛኛው ባለሞተር ከክረምት በኋላ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይነሳ ይሆን?» ብሎ ነው። አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ግን «ይቆም ይሆን?» የሚለው ነው።

ከውጭ የሚገቡት የጥገና መመሪያዎች ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ይላሉ፤ የተጻፉት ግን ለሌላ ክረምት ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሞተር የሚቆመው ከበረዶና በመንገድ ላይ ከሚበተነው ጨው ለማምለጥ ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ብትገኝም በሐምሌና በነሐሴ ውኃ የሚያረጋ ብርድ የለባትም፤ ያለው ዝናብ፣ ደመናና ቀን ከሌት የማይደርቅ እርጥበት ነው። መዝገበ ቃላት ሁለቱን ወቅቶች በአንድ ቃል ይተረጉማቸዋል፤ ብረት ግን ልዩነታቸውን ያውቃል። የእኛን ሞተር የሚጎዱት ውኃና ሥራ መፍታት ናቸው።

በ2011 ዓ.ም. ይህ ጉዳይ የግለሰብ መሆኑ ቀርቶ የከተማ ጉዳይ ሆኖ ነበር። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ካላቸው በቀር የሞተር ሳይክሎችን እንቅስቃሴ አገደ፤ የተሰጠው ምክንያትም በሞተር የሚፈጸሙ ወንጀሎች መበራከታቸው ነበር። የውሳኔውን ተገቢነት ለሕግና ለፖሊሲ ባለሙያዎች እተወዋለሁ። እኔን የሚመለከተኝ ቀኑ ነው። በማግስቱ ሐምሌ 1 ነበር፤ ያለ ዝግጅት የቆሙት ሞተሮች የዓመቱን ከባድ ዝናብ የተቀበሉት ቤንዚናቸው በሰልባትዮው፣ ጭቃቸው በካቴናው ላይ እንዳለ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ብልሃት ልቃወም። ብዙ ሰው የቆመ ሞተሩን «እንዳይደርቅ» እያለ በሳምንት አንድ ጊዜ ለአምስት ደቂቃ አስነስቶ ያጠፋዋል። አሳቡ ቅን ነው፤ ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውኃ ይወልዳል። ሞተሩ በሚገባ ሲሞቅ ይህ ውኃ በእንፋሎት መልክ በማርሚታ ይወጣል። በአምስት ደቂቃ ግን ብረቱ አይሞቅም፤ ስለዚህ እንፋሎቱ ተመልሶ ጠል ይሆናል፤ ከፊሉ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይደባለቃል፣ ከፊሉም በማርሚታው ሆድ ይቀራል። ከክረምት በኋላ የዘይት መክፈቻውን ስንከፍት ወተት የመሰለ ነገር ካየን ዘይቱ ውኃ ጠጥቷልና ሞተሩን ሳናስነሳ መለወጥ አለበት። በዝግ ክፍል ሞተር ማስነሳት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰውንም ሳያስጠነቅቅ ይገድላል።

ወደ ፍሬን ልመለስ። (የመካኒኮቻችን ቋንቋ የጣሊያንኛ ቅርስ መሆኑን ለቋንቋ ተማሪዎች በቅንፍ ላስታውስ፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ካቴና ሁሉም ከዚያው የመጡ ናቸው።) በከተማችን የሚበዙት ትንንሽ ሞተሮች ቢያንስ የኋላ ፍሬናቸው ሸራ ያለበት የከበሮ ፍሬን ነው። ወራት በእርጥበት ሲያልፉ የከበሮው ውስጠኛ ገጽ ይዝጋል፤ ሸራው ከዝገቱ ጋር ሊጣበቅ ይችላል፤ ሸራውን የምትገፋው አጭር ዘንግም በመቀመጫዋ ላይ ትደርቃለች። ያን ጊዜ ሁለት ነገር ይሆናል፦ ወይ ፍሬኑ ሲያዝ በድንገት ጎማውን ይቆልፋል፣ ወይ ተይዞ አይለቅም። ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩን በመሃል መቆሚያው ላይ አቁመን የኋላውን ጎማ በእጅ እናሽከርክር፤ ፍሬን ይዘን እንልቀቅ፤ ጎማው እንደ መጀመሪያው በነጻ ካልዞረ ከበሮው መከፈት አለበት። ሲከፈት አቧራውን በአፍ መንፋት አይገባም፤ አንዳንድ ሸራዎች ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ አለባቸውና በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል።

የፊት ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ ከሆነ ሌላ ነገር ይጨመራል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የተባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ ከክብደቱ 3.7 በመቶ ውኃ ሲስብ ግን ይህ ልክ ወደ 155 ይወርዳል። በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ደጋግመን ስንይዝ ዘይቱ ይግላል፤ ውኃው እንፋሎት ከሆነ ደግሞ እንፋሎት ስለሚታመቅ መያዣው እጃችን ውስጥ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የማር መልኩን ትቶ ወደ ቡናማ የጠቆረ ዘይት፣ ወይም ሁለት ዓመት የሞላው፣ መለወጥ ይኖርበታል። ሲጎድል በሞተር ዘይት መሙላት ጎሚኒዎቹን ያሳብጣል፤ ይህ ጥፋት ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

ጎማን በሚመለከት ነፋስ ማስሞላት ብቻውን አይበቃም። ቆሞ የከረመ ጎማ በጎኑ የሚሰነጠቅ ከሆነ ጎሚስታው ሊያድነው አይችልም። በብዙ ጎማዎች ጎን የተጻፉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግሩናል፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ሶማሌ ተራ ወርዶ ጎማ የሚገዛ ሰው ይህን ማንበብ ቢችል «አዲስ ነው» የሚለውን ቃል ብቻ ከመስማት ይድናል። ካቴናው በናፍጣ ታጥቦ፣ ደርቆ ዘይት ይቀባል፤ ልቅነቱም በአምራቹ ልክ ይስተካከላል።

ቤንዚን እንደ ወይን እየቆየ አይጣፍጥም። ቀላሉ ክፍሉ ይተናል፤ የሚቀረው ዝቃጭ የካርቡሬተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ግማሽ ባዶ ሰልባትዮ ደግሞ ቀን ሲሞቅ አየር ያስወጣል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥብ አየር ይስባል፤ ጠሉ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል። በአዲስ አበባ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካን ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ ነበር፤ ኢታኖል ደግሞ ውኃ ወዳድ ነው፤ ውኃው ሲበዛበት ከቤንዚኑ ተለይቶ አብሮት ይዘቅጣል። መፍትሔው የቆየውን ቤንዚን መቅዳት፣ የካርቡሬተሩን ጎድጓዳ ክፍል በሥሩ ባለችው ብሎን ማፍሰስ፣ ከዚያም ትኩስ ቤንዚን መጨመር ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ከአየሩ አንጻር የበዛ ይሆናል፤ ቾክ ደጋግሞ መሳብ ካንዴላውን ያርሰዋል እንጂ ሞተሩን አያስነሳውም።

ባትሪውን በአጭሩ። ባለ 12 ቮልት የእርሳስ አሲድ ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ያሳያል፤ ከ12 በታች ወርዶ ለሳምንታት ከቆየ ግን በውስጡ የሚረጋው ሰልፌት አቅሙን ይቀንሰዋል። ሲሞላ የአቅሙን አንድ አሥረኛ ያህል አምፔር ይበቃዋል፤ ለመኪና ባትሪ የተሠራ ኃይለኛ መሙያ ትንሹን ባትሪ ያቃጥለዋል። ሽቦዎቹንም እግረ መንገዳችንን እንይ፤ በክረምት ከዝናብ የሸሸ አይጥ በመቀመጫ ሥር መጠለያ ያገኛል፣ የሽቦ ልባስም ይቆረጥማል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ብቻ ሞተሩ ይነሳ። የመጀመሪያው ጉዞ ጭነትም ሰውም ሳይዝ፣ በደልዳላ ቦታ፣ መኪና በማይበዛበት የማለዳ ሰዓት ይሁን፤ በእግር እርምጃ ፍጥነት የፊቱን ፍሬን ለብቻ፣ የኋላውን ለብቻ፣ ከዚያም ሁለቱን በአንድነት እንሞክር። መብራቱና ፍሬቻው ይታዩ፤ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ቆመን የጎማዎቹን መሃል በእጅ እንዳስስ። ከሁለቱ አንዱ ከሌላው በጣም ከሞቀ ፍሬኑ እየታከከ ነው፤ ሞተሩ በቁልቁለት ሳይሆን በእጅ ተገፍቶ ወደ ጋራዥ ይሂድ። ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ እንዲተርፍ እዚህ ላይ ላቁም።