ደጋግሞ የሚቋረጥ ማውስ፦ ጥፋቱ የማን ነው?

በኮምፒውተሩ ማሳያ ላይ ያለው ቀስት ድንገት ቀጥ ይላል። እጅ ይንቀሳቀሳል፣ ቀስቱ ግን አይከተልም። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ይቀጥላል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እንደገና ይጠፋል። ይህ የገጠመው ሰው በአብዛኛው የሚደርስበት ድምዳሜ አንድ ነው፦ ማውሱ ተበላሽቷል፣ ሌላ ይገዛ። አዲሱ ማውስ ከሱቅ መጥቶ በዚያው ቀዳዳ ሲሰካ ግን ያው ችግር ተመልሶ የሚመጣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በእጅና በቀስቱ መካከል ያለው መንገድ ረጅም ነውና፤ ማውሱ የዚያ መንገድ አንድ ጫፍ ብቻ ነው።

መሣሪያው ስሙን ያገኘው ከገመዱ ነው። ዳግላስ ኤንግልባርትና ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ በካሊፎርኒያው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያውን ናሙና ሲሠሩ፣ መሣሪያው ሁለት መንኮራኩር የተገጠመለት የእንጨት ሳጥን ነበር። ከሳጥኑ የወጣው ሽቦ ጭራ ስለመሰለ «አይጥ» ተባለ። በአማርኛ የሶፍትዌር ትርጉሞች «መዳፊት» የሚለው ቃል ቢገባም፣ በሰው አፍ ማውስ እንደተባለ ቀርቷል። ዛሬ ብዙዎቹ ጭራቸውን አጥተዋል፤ በምትኩ ባትሪ፣ አንቴናና የራዲዮ ሞገድ መጥተዋል። የመቋረጫው ምክንያትም በዚያው ልክ በዝቷል።

ከሁሉ አስቀድሞ እውነተኛው መቋረጥ መቋረጥ ከሚመስለው ነገር መለየት አለበት። የዛሬ ማውስ ከሥሩ ባለው ብርሃን ጠረጴዛውን እያበራ በሰከንድ ከሺህ በላይ ጥቃቅን ምስሎችን ያነሳል፤ ምስሎቹን እርስ በርስ እያነጻጸረም ወዴት እንደተንቀሳቀሰ ያሰላል። ጥርት ባለ መስታወት ላይ የሚያነጻጽረው ነገር ስለማያገኝ ቀስቱ ይቆማል ወይም ይዘላል። ቀስቱ ቆሞ ሳለ ቁልፉ ሲጫኑት የሚታዘዝ ከሆነ ግንኙነቱ አልተቋረጠም፤ ከሥሩ አንድ ወረቀት ማድረግ ሊበቃ ይችላል። ገመድ አልባ ማውስ ሳይነካ ሲቆይ ባትሪ ለመቆጠብ ማንቀላፋቱ፣ ሲነኩትም ለመንቃት ጥቂት ቅጽበት መውሰዱ ጤናማ ጠባዩ ነው።

መቋረጡ እውነተኛ ከሆነ ቀጣዩ ሥራ ማዳመጥ ነው። የዊንዶውስ ኮምፒውተር አንድ የዩኤስቢ መሣሪያ ሲነቀል አጭር ድምፅ ያሰማል፤ ሲሰካም ሌላ ድምፅ አለው። ብዙ ተጠቃሚዎች በየቀኑ ይሰሙታል፣ ትርጉሙን ግን ልብ አይሉትም። በትንሽ መቀበያ በሚሠራ ገመድ አልባ ማውስ ረገድ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው በቀዳዳው የተሰካውን መቀበያ እንጂ ማውሱን አይደለም። ስለዚህ ቀስቱ ሲቆም ያ የመነቀል ድምፅ ከተሰማ፣ የጠፋው በመቀበያውና በኮምፒውተሩ መካከል ያለው ግንኙነት ነው፤ ምርመራው ወደ መሰኪያው፣ ወደ ኤሌክትሪኩና ወደ ዊንዶውስ ማስተካከያዎች ያመራል። ድምፁ ተከፍቶ ሳለ ምንም ካልተሰማ ደግሞ የተቋረጠው በማውሱና በመቀበያው መካከል ያለው የአየር ላይ ግንኙነት ነው። ይህ አንድ ፍተሻ ብቻውን የሰዓታት ድካም ይቀንሳል።

ድምፁ ከተሰማ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ መሰኪያው ነው። የላላ ወይም አቧራ የሞላው ቀዳዳ ጠረጴዛው በተነቃነቀ ቁጥር ያቋርጣል፤ ወደ ሌላ ቀዳዳ ማዛወር ወዲያው ያሳያል። ባለ ገመድ ማውስ ከሆነ ገመዱ ከማውሱ የሚወጣበት ቦታ መመርመር አለበት። በገመዱ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች በየቀኑ የሚታጠፉት እዚያ ጋ ስለሆነ፣ ላስቲኩ ደህና መስሎ ሽቦው ከውስጥ ሊበጠስ ይችላል። ማውሱን ሳያንቀሳቅሱ ገመዱን ብቻ በዚያ ቦታ ሲያጥፉት የሚጠፋና የሚመለስ ከሆነ ምርመራው አለቀ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የኮምፒውተሩ ቁጠባ ነው። ዊንዶውስ፣ በተለይም በላፕቶፕ ላይ፣ ሥራ የፈታ የመሰለውን የዩኤስቢ መሣሪያ ለጊዜው ያስተኛል። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን የተኛው መሣሪያ ሲቀሰቀስ የማይነሳበት ወይም ዘግይቶ የሚነሳበት ጊዜ አለ። ይህን ለማስቀረት «ስታርት» የሚለውን ምልክት በቀኝ ቁልፍ ተጭኖ «ዲቫይስ ማኔጀር»ን መክፈት፣ ከዩኤስቢ ዝርዝር ውስጥ «ዩኤስቢ ሩት ሃብ» የሚለውን መምረጥ፣ «ፓወር ማኔጅመንት» በሚለው ገጽም ኮምፒውተሩ መሣሪያውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ማንሳት ያስፈልጋል። በአንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ይህ ገጽ አይታይም። በ«ኮንትሮል ፓነል» የኤሌክትሪክ ማስተካከያ ውስጥ «ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ» የሚባለው ካለ እርሱን ማጥፋትም ተመሳሳይ ጥቅም አለው። ባትሪው ከቀድሞው በጥቂቱ ቶሎ ሊያልቅ ይችላል፤ ዋጋው ይኸው ነው።

ምንም ድምፅ ሳይሰማ የሚቋረጠው ማውስ ግን ይበልጥ የሚያስገርም ታሪክ አለው። እርግጥ ነው፣ ቀላሉ ምክንያት መቅደም አለበት፤ እርሱም ባትሪ ድንጋይ ነው። ያረጀ ባትሪ ሲያርፍ አቅሙ የተመለሰ ይመስላል፣ ማውሱ መልእክት ለመላክ ጉልበት ሲጠይቀው ግን ቮልቴጁ ይወርዳል። «ሲያርፍ ይሠራል፣ ሲቆይ ይጠፋል» የሚባለው ጠባይ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል። አዲስ ባትሪ ተገብቶም ለውጥ ከሌለ የባትሪው ማስቀመጫ ይታይ፤ ከአሮጌ አልካላይን ባትሪ የፈሰሰ ነጭ ዱቄት ካለ በጥጥ ላይ በተደረገ ጠብታ አቼቶ ተጠርጎ በደንብ መድረቅ አለበት።

ባትሪው ደህና ከሆነ ጥያቄው ወደ አየሩ ይሄዳል። ገመድ አልባ ማውሶች በአብዛኛው የሚነጋገሩት በ2.4 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ባለው የሞገድ ክልል ነው። ይህ ክልል ያለ ግለሰብ ፈቃድ በዓለም ዙሪያ ለማለት በሚቻል ደረጃ ክፍት በመሆኑ፣ በዋሽንግተን የተገዛ ማውስ በዱባይም ሆነ በአዲስ አበባ ይሠራል። በዚያው ልክ ግን ጠባብ ሰፈር ነው፤ ከ2400 እስከ 2483.5 ሜጋኸርትዝ ብቻ ይዘልቃል። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1985 ለእንዲህ ዓይነት መገናኛዎች ከከፈተው ወዲህ ዋይፋይና ብሉቱዝ ገብተውበታል፤ ምግብ የሚያሞቀው ማይክሮዌቭም የሚሠራው በ2.45 ጊጋኸርትዝ ላይ ነው። በየአፓርታማው የጎረቤት ዋይፋይ በተደራረበበት ሕንጻ የሚኖር ሰው፣ ማውሱ በምሽት ብቻ የሚያስቸግረው ከሆነ ሊደነቅ አይገባውም።

ከሁሉ የሚገርመው ጠላት ግን ራዲዮ ያልሆነ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ የሆነው ዩኤስቢ 3.0 በሰከንድ 5 ቢሊዮን ቢት ያስተላልፋል። አንድና ዜሮ በዚህ ፍጥነት ሲፈራረቁ በገመዱ ውስጥ በሰከንድ እስከ 2.5 ቢሊዮን ጊዜ የሚወዛወዝ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ የምልክቱ ጉልበትም በሰፊው ስለሚሰራጭ ከፊሉ የሚያርፈው እዚያው ማውሱ በሚያዳምጥበት ሰፈር ነው። መከለያቸው ደካማ የሆነ ገመድና መሰኪያ ይህን ሁካታ ወደ ውጭ ይለቃሉ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት የዩኤስቢ 3.0 ሃርድ ዲስክ ሲሰካ በ2.4 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ያለው ሁካታ ወደ 20 ዴሲቤል ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። ይህ በጉልበት ሲመነዘር መቶ እጥፍ ነው። ማውሱ አልደከመም፣ መቀበያውም አልደነቆረም፤ ከጆሮው ሥር ከበሮ የሚደለቅበት ሰው የባልንጀራውን ሹክሹክታ እንደማይሰማው ሁሉ ምልክቱ በጫጫታው ተዋጠ እንጂ።

የዚህ ችግር ምልክት ግልጽ ነው፦ ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ ተሰክቶ ፋይል ሲገለበጥ ማውሱ ይንቀጠቀጣል፣ ይዘላል፣ ይጠፋል፤ ዲስኩ ሲነቀል ይድናል። መድኃኒቱም ርቀት ነው። መቀበያውን ከዲስኩ ተቃራኒ በሆነው የላፕቶፑ ጎን መሰካት ይቻላል። የተሻለው ግን አጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ገዝቶ መቀበያውን ከማውሱ አጠገብ፣ በጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ነው። ማራዘሚያው ርካሹና የቆየው ዩኤስቢ 2.0 ቢሆን አይጎዳም፤ ማውስ ፍጥነት አይፈልግም። ሳጥኑ ከጠረጴዛ ሥር በተቀመጠ ኮምፒውተር፣ መቀበያው ከኋላ ሲሰካ ብረቱ ራሱ ሞገዱን ይጋርዳል፤ ማራዘሚያው ለዚህም መፍትሔ ነው። በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው ቀዳዳ ዩኤስቢ 3.0 እንደሆነ ማወቅ ለመምረጥ ይረዳል።

መቀበያ የሌለውና በብሉቱዝ የሚገናኝ ማውስ የመነቀሉ ድምፅ ፈተና አይመለከተውም። ብሉቱዝ የተጨናነቀውን ድግግሞሽ እየተወ ነጻ ወደሆነው ስለሚዘል ከዋይፋይ ጋር ተቻችሎ መኖር ያውቃል። ቢሆንም በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ሁለቱ በአንድ ካርድ ላይ አንቴና ይጋራሉ። በመሆኑም ላፕቶፑን በ5 ጊጋኸርትዝ ዋይፋይ ማገናኘት ለማውሱ ሰፈሩን ያቀልለታል። ማውሱን ከዝርዝሩ ሰርዞ እንደገና ማጣመርም ይሞከር። ከሥሩ በርካታ ኮምፒውተሮችን የሚያፈራርቅ ቁልፍ ያለው ከሆነ ቁልፉ ሳይታሰብ ተነክቶ ሊሆን ይችላል።

ማውሱ ብቻውን ሳይሆን ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር አብሮ የሚጠፋ ከሆነ ግን ነገሩ ከመሰላቸት ያለፈ ነው። አንድ የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ በመደበኛ ደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፤ የ3.0 ቀዳዳ ደግሞ 900። የራሱ የኤሌክትሪክ ምንጭ የሌለው ማከፋፈያ ያንኑ ለማውሱ፣ ለኪቦርዱ፣ ለካሜራውና ለሃርድ ዲስኩ ያካፍላል። ዲስኩ መሽከርከር ሲጀምር ብዙ ስለሚስብ የሌሎቹ ድርሻ ይጎድላል፤ መጀመሪያ የሚታየው የማውሱ መጥፋት ነው። በዚያው ቅጽበት ግን ዲስኩም እየጻፈ ሳለ ሊቋረጥ ይችላል። የሠርግ ቪዲዮ፣ ከአገር ቤት የመጣ የቤተሰብ ፎቶግራፍ፣ ያላለቀ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጠፋው እንዲህ ነው። ዲስኩ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ ይሰካ፤ አለዚያም ማከፋፈያው ከግድግዳ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ይሁን።

በዚህ ሁሉ መካከል «ድራይቨርዎ አርጅቷል» እያሉ በኢንተርኔት ላይ ነጻ ማደሻ የሚያቀርቡ ፕሮግራሞች ያጋጥማሉ። ተራ ማውስ የሚሠራበት ድራይቨር ከዊንዶውስ ጋር ይመጣል፤ ለእርሱ ሲባል ከማይታወቅ ምንጭ የሚወርድ ነገር ከችግሩ የባሰ ችግር ሊያመጣ ይችላል። ማሻሻያ ካስፈለገ ከዊንዶውስ አፕዴት ወይም ከአምራቹ ገጽ መውሰድ ይበቃል።

የመጨረሻው ዳኛ ሌላ ኮምፒውተር ነው። ማውሱ አዲስ ባትሪ ተደርጎለት፣ መቀበያው ከዲስክና ከማከፋፈያ ርቆ ተሰክቶ፣ በሁለተኛ ኮምፒውተርም እንዲሁ የሚቋረጥ ከሆነ በእርግጥም የተበላሸው ማውሱ ወይም መቀበያው ነው። ያኔም ቢሆን መቀበያውን ቶሎ መጣል አይገባም፤ እንደ ሎጂቴክ «ዩኒፋይንግ» ያሉት መቀበያዎች እስከ 6 መሣሪያ ድረስ ስለሚያስተናግዱ፣ የሚስማማ ሌላ ማውስ ወይም ኪቦርድ በዚያው ሊጣመር ይችላል።